የትናንት ተወዳጅ ዘፈኖች በዛሬ ሚዛን

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በድሬዳዋ ከተማ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጆች ከሙያችን ጥቂት ወጣ ያለ ርእስ መርጬ እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፣ ስለ ዘፈን ልናገር ብል «መሐንዲስን ምን አገባው?» የሚለኝ እንደማይታጣ ዐውቄ ነበር። ይሁን እንጂ ጥያቄው የእኛም ጥያቄ ነው። በዘመኑ አገር ያዳረሰ ዘፈን ዛሬ እንደ አዲስ ቢወጣ ሰሚ የሚያጣው ለምንድን ነው? ጉድለቱ ከዘፈኑ ነውን? ወይስ ዘፈኑ የተሠራበት ሁኔታ ስለ ተለወጠ ነው?

ነገሩን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። አባቴ በምድር ባቡር የጥገና ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በቤታችን ውስጥ ብዙ ካሴቶች በጫማ ካርቶን ታጭቀው ይኖሩ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት እነዚህን ካሴቶች ወደ ስልክ ልገለብጥላቸው ተነሣሁ። ሥራውንም እንደ ባለሙያ ያዝሁት፤ የሚያንሿሿውን ድምፅ አጠፋሁ፤ ቃል ሳይሰማ ሙዚቃ ብቻ የሚሄድበትን ረጅም መግቢያ «ትርፍ ነው» ብዬ ቈረጥሁ፤ ከዘፈን ዘፈን ያለውን ዝምታ አስወገድሁ። ክሩ አርጅቶ ስለ ነበር አብዛኛው ከአንድ ጊዜ በላይ ሳይዞር ተበጠሰ፤ የተበጠሰውንም ጣልሁት።

አባቴ የገለበጥሁትን ካዳመጡ በኋላ፣ «ድምፁ ጥርት ብሏል፤ ተባረክ። ነገር ግን ልጄ፣ እኔ ይህን ዘፈን የማውቀው ዘፋኙ ገና አፉን ሳይከፍት ነበር። ያ የት ገባ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዋናው የለምና።

ከዚያ ወዲህ «ትርፍ» ያልሁት ነገር ምን እንደ ነበር ስመረምር ቈይቻለሁ። ያገኘሁትን በአጭሩ ላቅርብ።

በመጀመሪያ «ተወዳጅ» የምንለው በምን ተለክቶ እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። በአሜሪካ «ቢልቦርድ» የተባለው መጽሔት መቶ ዘፈኖችን በየሳምንቱ በደረጃ ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ አልነበረም። የዘፈን ተወዳጅነት የሚታወቀው ለራዲዮ የዘፈን ምርጫ በሚጻፈው ደብዳቤ፣ በሙዚቃ ቤት በር ላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ፣ በሠርግና በቡና ቤት በመደጋገሙ ነበር። በመጋላም ሆነ በከዚራ የሚያልፍ መንገደኛ ባለ ሱቁ የከፈተውን ይሰማል እንጂ ራሱ አይመርጥም። ዘፈኑ የሚፈተነው በሕዝብ መካከል ስለ ነበር፣ በመጀመሪያ ያልጣመው ሰው እንኳ በአሥረኛው ጊዜ ሊለምደው ይችል ነበር። ዛሬ ሁሉም የየራሱን በጆሮው ሰክቶ ስለሚሄድ ያ ሁለተኛና ሦስተኛ ዕድል እጅግ ጠብቧል።

ሁለተኛው ጉዳይ የሠሪዎቹ አቋም ነው። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ ከክቡር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ጋር ሠርተዋል። እነዚህ ኦርኬስትራዎች ጥሩንባና ሳክስፎን ነፊዎቻቸውን በመንግሥት ደመወዝ የሚያስተዳድሩ ነበሩ። በዚያ ዘመን ዘፈን ውስጥ የምንሰማው የነሐስ መሣሪያዎች ግርማ የሥነ ጥበብ ውጤት ብቻ ሳይሆን የበጀትም ውጤት ነው። ዛሬ ያን ያህል ሰው ቀጥሮ አንድ ዘፈን ለማስቀረጽ የሚደፍር አሳታሚ በቀላሉ አይገኝም፤ የብዙዎቹን ሥራ አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ይሠራዋል።

ሦስተኛውና ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው መሸከሚያው ነው። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ፣ ዐምሐ እሸቴ የተባሉ ወጣት ነጋዴ ይህን ገደብ ደፍረው እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጡ። ሸክላው በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር፣ በአንድ ገጹ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ የሚይዝ ነበር። ስለዚህ ረጅም ዘፈን ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱ ገጾች ይቀመጥ ነበር፤ ሰሚውም ከመቀመጫው ተነሥቶ መገልበጥ ነበረበት።

ከዚያ ካሴት መጣ። የካሴት ክር በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል፤ በግማሽ ሰዓት 86 ሜትር ያህል ማለት ነው። አንድ ዘፈን ለመዝለል ክሩን በግምት ማጠንጠን፣ ያለፈውን ለመመለስ ደግሞ ባትሪ ለመቈጠብ በእስክሪብቶ ማዞር ያስፈልግ ነበር። ከዚህ ሁሉ ድካም ይልቅ መታገሥ ይቀል ነበር። እንግዲህ «የቀድሞ ሰው ትዕግሥተኛ ነበር» ስንል፣ ከትዕግሥቱ ከፊሉ የመሣሪያው ጠባይ እንደ ነበር መዘንጋት የለብንም። በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊ ምክንያት ሰው በጭፈራ ቤት ተዘግቶበት እስኪነጋ ሲቈይ፣ ሙዚቀኛው ሌሊቱን የሚሞላበት ረጅም ሙዚቃ ያስፈልገው ነበር። ኀይሉ መርጊያና ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጡት «ሙዚቃዊ ስልት» ቃል የሌለው ሙዚቃ ሆኖ ሳለ ሰሚ ያገኘው እንዲህ ባለ ዘመን ነው።

የዛሬው መሸከሚያ ሌላ ሕግ አለው። «ስፖቲፋይ» የተባለው አሠራጭ ዘፈን ተደመጠ ብሎ የሚቈጥረው ሰሚው 30 ሴኮንድ ከቈየ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2015 በአሜሪካ ቀዳሚ በነበሩ ዘፈኖች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት፣ ቃል ከመጀመሩ በፊት ያለው መግቢያ በአማካይ ከ20 ሴኮንድ በላይ ከነበረበት ወደ 5 ሴኮንድ ገደማ መውረዱን አሳይቷል። እኔም መቀሴን ያነሣሁት ማንም ሳያዘኝ ነበር፤ ለካ የዘመኑ መሣሪያ አዝዞኝ ኖሯል።

ይህን ስል ግን የቀድሞው ሁሉ ይመለስ ማለቴ አይደለም። ወድቀው መቅረት የሚገባቸው ዘፈኖችም አሉ። ልጅ እግሯን ለትዳር የሚያሞግስ፣ የሴትን እምቢታ እንደ ማሽኰርመም የሚቈጥር፣ መጥለፍን እንደ ጀግንነት የሚያወሳ ግጥም በዘመኑ እልልታ ይቀበለው ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት አደረገ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ጠላፊ የጠለፋትን በማግባት ከቅጣት ያመልጥበት የነበረውን ቀዳዳ ዘጋ። እንዲህ ያለ ግጥም ዛሬ ጆሮ ቢነፈገው የኅብረተሰቡ ዕድገት ምልክት ነው።

በአንጻሩ ደግሞ በዚያ ዘመን በሩ የተዘጋባቸው ነበሩ። ዓሊ ቢራ ገና በልጅነቱ የተቀላቀለው፣ በዚህች በድሬዳዋ የተቋቋመው የአፍረን ቀሎ ቡድን በኦሮምኛ በመዝፈኑ ምክንያት ከባለ ሥልጣናት ብዙ መከራ ደርሶበታል። ዓሊ ቢራ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ አገር በሙሉ አለቀሰለት። ስለዚህ የአንድ ዘመን መውደድም ሆነ መንሣት የመጨረሻ ፍርድ አይደለም።

ለዚህ ሌላም ማስረጃ አለ። ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው «እሬ መላ መላ» በ1986 በቤልጅግ አገር እንደገና ታትሞ፣ ቋንቋውን የማያውቅ ሰሚ አገኘ። የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃም በ2005 በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገብቶ፣ ፊልሙ በታየበት ሁሉ ተሰማ። ሥራው ያው ነው፤ የተለወጠው የተሰማበት ቦታ ነው።

እኛ የድሬዳዋ ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባል። ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ከባቡር ሐዲድ ጋር ተወለደች። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ሲሆን፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ 1.435 ሜትር ነው። የአሮጌው ሠረገላ በአዲሱ ሐዲድ ላይ ሊሄድ አይችልም። ይህ ግን ሠረገላው ክፉ ሥራ ነበር አያሰኝም፤ የተሠራው ለሌላ ስፋት ነውና። አዲሱ ሐዲድ ያስፈልገን ነበር፤ የአሮጌውን ንድፍ መጣል ግን አያስፈልገንም።

ስለዚህ ከሙያ ባልደረቦቼ የምለምነው አንድ ነገር ነው። በየቤታችን፣ በየወላጆቻችን ሣጥን ውስጥ ካሴቶች አሉ። በክሩ ላይ ያለው ማግኔታዊ ሽፋን ከፕላስቲኩ እየተላቀቀ ነው፤ የዚህ ከተማ ሙቀትና አቧራም አያዝንለትም። የምንገለብጠው ከሆነ ጊዜው አሁን ነው። ስንገለብጥ ግን በመጀመሪያ እንዳለ፣ ከነሹሹታው፣ ከነዝምታው፣ ከነረጅም መግቢያው እንቅዳው፤ ማሻሻል የምንፈልግ ብንሆን በቅጂው ላይ እንሥራ። በድልድይና በሕንፃ ሥራ የነባሩን ልክ ሳንወስድ እንደማናፈርስ ሁሉ፣ በዚህም ሥራ ደንባችን ያው ይሁን።

ከአባቴ ካርቶን ሳልነካቸው የቀሩ ስድስት ካሴቶች ነበሩ። እነዚያን ምንም ሳልቈርጥ ቀድቼላቸዋለሁ። ድምፃቸው አያምርም፤ አንዱማ መካከሉ ላይ ይንቀጠቀጣል። አባቴ ማታ ማታ ደጅ ተቀምጠው የሚከፍቱት ግን እነርሱን ነው፤ ጥርት ያሉትን አይደለም።