ሞኝና ሸክላ የያዘውን አይለቅም

(አዲስ አበባ ውስጥ የአሮጌ ሸክላ ወዳጆች በተሰበሰቡበት ዝግጅት ላይ ጸሐፊው ካደረገው ንግግር የተወሰደ)

እኔ ጋዜጠኛ ነኝ እንጂ ሙዚቀኛ አይደለሁም። ድምፄን አንዴ የሰማ ሰው ሁለተኛ «ዝፈን» አይለኝም። ዛሬ እዚህ የቆምኩት አንድ ጥፋት ስላለብኝ ነው። ጥፋቱን ቆይቼ እናዘዛለሁ፤ አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

የመጣሁበት ጉዳይ ፈረንጆቹ ሮክ የሚሉት ሙዚቃ መድረክ ላይ ሲጫወት ተቀድቶ በሸክላ ስለታተመው ነው። «የኛው ሸክላ መቼ አለቀና ነው የፈረንጅ?» የምትሉኝ አትጠፉም። ታገሱኝ፣ ዞሬ እመለሳለሁ። ዓመቶቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ስቱዲዮ የተቀዳ ዘፈን ታርሞ፣ ተስተካክሎ የሚወጣ ነው። የመድረኩ ግን አንዴ ነው የሚሆነው። ጊታሩ ከተሳሳተ ተሳሳተ፣ ሰው ከጮኸ ጮኸ። ያን ማታ የቀዳ ሰው ከሌለ ማታው ሄደ፣ አለቀ።

ሮሊንግ ስቶንስ በኖቬምበር 1969 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድ ላይ ሲጫወቱ በድብቅ የቀዳቸው ሰው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ቅጂው ማኅተም በተመታበት ነጭ ልባስ ሸክላ ሆኖ ገበያ ወጣ። ባንዱም አልፈቀደ፣ ኩባንያውም አላወቀ። በ1970 ባንዱ የራሱን የመድረክ ሸክላ አወጣ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ያ ሌብነት ነው። በኛም አገር በ1996 ዓ.ም. የወጣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 አለ፤ የድምፃውያኑን እንጀራ አስታውሱ ይላል። ግን ሌላም እውነት አለ። ባለቤቱ የናቀውን ማታ አንዳንዴ ያተረፈው ሌባው ነው።

እንግሊዞቹን ዘ ሁን ውሰዱ። በ1969 አሜሪካን ሲዞሩ ብዙ ማታ አስቀድተው ነበር። ጊታሪስታቸው ፒት ታውንሼንድ ራሱ እንዳወራው፣ ያን ሁሉ ቴፕ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ስለሰለቸው ለድምፅ ባለሙያው «አቃጥለው» አለው። ተቃጠለ! ከዚያ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1970 በሊድስ ዩኒቨርሲቲ የምግብ አዳራሽ ተጫወቱና የዚያን ማታ ቅጂ አወጡ። ልባሱን ሆን ብለው የሌባ ሸክላ አስመሰሉት። ሸክላው የያዘው ስድስት ዘፈን ብቻ ነበር። ቴፑ በደንብ ስለተቀመጠ ግን በ1995 እና በ2001 የቀረውን ዘፈን አከታትለው አወጡት። እንግዲህ ፍርዱን ለናንተ ልተው። የተቀመጠው ቴፕ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ይናገራል፤ የተቃጠለው አመድ ነው።

ማስቀመጥ ብቻም አይበቃም፣ መጻፍም ያስፈልጋል። ቦብ ዲላን በ1966 ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ሲወጣ ከታዳሚው መሀል አንዱ «ይሁዳ!» ብሎ የጮኸበት ቅጂ አለ። ሸክላው ለዓመታት የዞረው «ለንደን፣ ሮያል አልበርት ሆል» እየተባለ ነው። ኋላ ሲጣራ ቦታው ማንቸስተር፣ ፍሪ ትሬድ ሆል፣ ቀኑም ሜይ 17 ሆኖ ተገኘ። በ1998 በሕጋዊ መንገድ ሲወጣ እንኳ የተሳሳተው ስም በትዕምርተ ጥቅስ ውስጥ ገብቶ አብሮ ወጣ። አንድ ሰው በጊዜው ቀንና ቦታ በእርሳስ ጫር ቢያደርግ ኖሮ ስሕተቱ ይህን ያህል ዕድሜ ባላገኘ!

አሁን ወደ ጥፋቴ። ያ የሊድስ ሸክላ አጎቴ ቤት ነበር። የሰላም ጓድ አስተማሪው ወደ አገሩ ሲመለስ የተወለት ነው። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ጋሼ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይሰማው ነበር። «ውጪ ውሻ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ቤቴ ውስጥ ግን አንድ አዳራሽ ሰው ያጨበጭብልኛል» ይል ነበር። እኔ የደረስኩት በኋላ ነው። ሸክላው ቀጭ ቀጭ ሲል ቆሻሻ መስሎኝ በምራቄ እወለውለው ነበር። ለካ ሸክላው መሀል ላይ ያለው ጽሑፍ «ይህ ድምፅ ጥፋት አይደለም፣ አታርሙት» የሚል ኖሯል! አንድ ቀን ከማጫወቻው አንስቼ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ረሳሁት። ስመለስ ጠርዙ ምጣድ ላይ እንደበሰለ እንጀራ ተነስቷል። ደነገጥኩና መርፌው እንዳይዘል ሳንቲም ጫንኩበት። ሳንቲሙ ደግሞ መስመሩን ገዘገዘው። ጋሼ አልመታኝም። «እኔ ያን ሁሉ ሌሊት አሳለፍኩት፣ አንተ በአንድ ቀትር ጨረስከው» አለኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል። ሸክላ ፕላስቲክ ነው፤ ሙቀት ያጎብጠዋል። አቁሙት እንጂ አትቆልሉት፣ አታጋድሉትም። ጠርዙንና መሀሉን ያዙ እንጂ መስመሩን በጣት አትንኩ። ያለቀ መርፌ ቢላዋ ነው፣ ለውጡት። ለማጽዳት የተጣራ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል፤ ከ1950ዎቹ በፊት የተሠራውን በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረውን የጥንቱን ሸክላ ግን አልኮል እንዳታስነኩት። ከሁሉም በላይ በጥሩ መርፌ አጫውታችሁ ኮምፒዩተር ላይ ቅዱት። በኤምፒስሪ ሳይሆን ሳይጨመቅ፣ በዌቭ ይቀዳ። ቀኑ፣ ቦታው፣ ተጫዋቾቹ አብረው ይጻፉ።

ዞሬ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። አምሃ እሸቴ በ1969 የሸክላ ሥራ ሲጀምር ሸክላ የማሳተሙ መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር የተሰጠ ነበር። እሱ ግን ደፈረ፤ መጀመሪያ ህንድ፣ ኋላ ሊባኖስ አሳተመ። ያ ድፍረት ባይኖር ዛሬ ዓለም «ኢትዮፒክስ» እያለ የሚሰማው ብዙው ድምፅ አይኖርም ነበር። አምሃ በ2021 አረፈ፤ ሸክላው አለ። የመድረካችን ማታዎችስ? ዋልያስ ባንድ ሂልተን ሲጫወት፣ ሰዓት እላፊው ታዳሚውን ይዞት እስኪነጋ የሚታደርባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ከዚያ ዘመን በካሴትም ሆነ በቴፕ የቀዳ ሰው ካለ ዛሬውኑ ከመሳቢያ ያውጣው።

ዶላር ይዞ የሚመጣ የሸክላ ገዢ እንዳለ አውቃለሁ። የቤት ኪራይ ያለበትን ሰው «አትሽጥ» የምልበት አፍ የለኝም። ከመሸጡ በፊት ግን ይቀዳ፣ ይጻፍበት። ሸክላው ቢሄድ ድምፁ እዚሁ ይቅር።

የጋሼን ሸክላ ይዤ መጥቻለሁ። ጎብጧል፣ ይዘላል። ዘፈኑ ከእንግዲህ አይሰማም፤ ጭብጨባው ግን እዚህም እዚያም አለ። መርፌው እንዲህ ከሆነው ሸክላ ላይ አይቀመጥምና አላጫውትላችሁም። በሚቀጥለው ስንገናኝ እያንዳንዳችሁ ያልጎበጠ አንድ አንድ ሸክላ ይዛችሁ ኑ። መቅጃውን እኔ አመጣለሁ። ዕዳዬ ነው።