ለተጎዳ ባይተዋር የሚቆም ማነው?

በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መዋጮና ስለ ድንኳን ኪራይ አይደለም። ስለ አንድ ጥፋታችን ነው።

ከገጠር መጥቶ በሠፈራችን ተከራይቶ ይኖር የነበረውን የቀን ሠራተኛ ልጅ ታስታውሱታላችሁ። ከፎቅ ሥራ ላይ ወድቆ ወገቡን የተጎዳ ጊዜ ገንዘብ አዋጥተናል፤ እናቶችም ተራ ገብተው ምግብ አመላልሰውለታል። ይህ መልካም ነው። ታዲያ ካቦው ጥቂት ብር ይዞ መጥቶ «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ሲያስፈርመው፣ ወረቀቱን ጮክ ብሎ ያነበበለት ማን ነበር? እኛው ጸሐፊው ነበርን። በምስክርነትም ፈርመናል። ልጁ ማንበብ አይችልም፣ ዘመድም አልነበረውም፤ እኛን አምኖ አውራ ጣቱን አሳረፈ። ሁለት ወር ሳይሞላው በምርኩዝ ወደ አገሩ ተመለሰ። ያ ወረቀት በሕግ ፊት ይጽና አይጽና አንዳችንም አልጠየቅንም።

ነገሩ ከሕሊናችን አልወጣ ስላለ፣ ሌላው አገር ባይተዋር ሲጎዳ ማን ይቆምለታል ብለን መጠያየቅ ጀመርን። አሜሪካ ልጆች ያሏቸው አባሎቻችንም በዚያ አገር ለተጎዱ ሰዎች ብቻ የሚከራከሩ ጠበቆች እንዳሉ ነገሩን። ከነዚህም የአንዱ ታሪክ በጣም ስላስደነቀን ልናካፍላችሁ ወደድን። የዘመኑ ቁጥር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሰውየው ሰርጂዮ ጋርሲያ ይባላል። በ1977 ሜክሲኮ ተወለደ። ገና የ17 ወር ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ወደ ካሊፎርኒያ ወሰዱት። በ1986 ወደ ሜክሲኮ ተመለሱ፤ በ1994 እንደገና ሄዱ። ያን ጊዜ 17 ዓመቱ ነበር። ከአባቱ ጋር የሄደው አልመንድ የሚባለውን ፍሬ ለመልቀም ነበር። አባትየው የመኖሪያ ፈቃድ ስለነበረው በዚያው ዓመት ለልጁም አመለከተ። ማመልከቻው በ1995 ተቀባይነት አገኘ። ነገር ግን ከሜክሲኮ የሚያመለክተው ሰው እጅግ ብዙ፣ በየዓመቱ የሚሰጠው ፈቃድ ደግሞ የተወሰነ ስለሆነ፣ ወረፋው ከ19 ዓመት በላይ አስጠበቀው።

እንግዲህ ልብ በሉ! ወረፋዬ ይድረስ ብሎ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰ፣ ኮሌጅ ገባ፣ ከዚያም የሕግ ትምህርት ቤት ገብቶ በ2009 ተመረቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የካሊፎርኒያን የጥብቅና ፈተና ተፈትኖ አለፈ። ይህ ፈተና በአሜሪካ ከባድ ከሚባሉት አንዱ ነው።

ዳሩ ግን ፈቃድ የሌለው ሰው እንዴት ጠበቃ ይሆናል የሚል ክርክር ተነሣ። በ1996 የወጣ የአሜሪካ ሕግ፣ ክፍለ ግዛቱ በራሱ ሕግ ካልፈቀደ በቀር እንዲህ ላለ ሰው የሙያ ፈቃድ አይሰጥም ይላል። የመንግሥቱ ፍትሕ መሥሪያ ቤትም በዚሁ ሕግ ተቃወመው። ነገሩ እስከ ካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2013 መስከረም ላይ ክርክሩ ሲሰማ፣ ሕግ አውጪዎቹ ጊዜ ሳያጠፉ የሚፈቅድ ሕግ አወጡ። አገረ ገዢውም በጥቅምት ፈረመበት። ሕጉ ጥር 1 ቀን 2014 ጸና፤ ፍርድ ቤቱም በማግስቱ፣ ጥር 2 ቀን፣ ፈቃዱ ይሰጠው ሲል ወሰነ።

እንግዲህ በሩን የዘጋበት ሕግ ነው፤ የከፈተለትም ሕግ ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ ገና ስላልደረሰ ቀጣሪ ሊቀጥረው አይችልም ነበር። ስለዚህ በራሱ ስም ቢሮ ከፍቶ ለተጎዱ ሰዎች ይከራከር ጀመር። የመኖሪያ ፈቃዱ የመጣው በ2015 ነው።

የነዚህ ጠበቆች አሠራር ራሱ ትምህርት ይሆነናል። ድሀው ገንዘብ ስለሌለው አይቀርም። ጠበቃው አብዛኛውን ጊዜ ቅድሚያ አይቀበልም፤ ካሣ ከተገኘ ከዚያ ላይ ድርሻውን፣ ብዙውን ጊዜ ሲሶ ያህሉን ይወስዳል። ካሣ ካልተገኘ የድካሙን ዋጋ አይጠይቅም። የሐኪም ወረቀት፣ የምስክር ቃል፣ የደመወዝ ማስረጃ ይሰበስባል። ከሁሉ በፊት ግን ለተጎዳው ሰው «እኔን ሳትጠይቅ አትፈርም» ይለዋል። የመድን ድርጅት መጀመሪያ የሚያቀርበው ገንዘብ ትንሽ ሊሆን እንደሚችል ያውቃልና። ጊዜም አያባክንም፤ በካሊፎርኒያ እንዲህ ያለ ክስ በአብዛኛው በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

«ይኸ የአሜሪካ ነው፤ እኛ ምን አለን?» የሚል ይኖራል። አለን እኮ! በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት ካሣ ለመጠየቅ የሚሰጠው ጊዜ 2 ዓመት ነው። የሥራ ጉዳይ ጊዜ ከዚያም ሊያጥር ስለሚችል ሳይውል ሳያድር መጠየቅ ያሻል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ፣ ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ በቀር፣ በሥራ ላይ ለደረሰበት ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። ይህን ብናውቅ ኖሮ ያን ወረቀት አናነብም ነበር።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በሠፈራችን የተጎዳ ሰው ቢኖር፣ ተከራይም ይሁን መጤ፣ ሕግ የሚያውቅ ሰው ሳይጠየቅ ወረቀት አይፈርም፤ አባሎቻችንም በምስክርነት አይፈርሙ። ሁለተኛ፣ ጉዳቱ በደረሰ ዕለት የሐኪም ማስረጃና ያዩ ሰዎች ስም ይያዝ። ጽሕፈቱን እኛ እንሠራለን። ሦስተኛ፣ ሕግ የሚማሩ ልጆቻችን ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ብቅ እያሉ ያስረዱን። ዕድሜው ገፍቷል ወይም ወረቀቱ አልተሟላም ተብሎ ትምህርቱን ሊተው ያሰበ ልጅ ያላችሁም፣ የዚያን የአልመንድ ለቃሚ ታሪክ ንገሩት።

የልጁን አድራሻ ከአከራዩ ጠይቀን አግኝተናል። ጊዜው አላለፈ እንደሆነ የሕግ ሰው ጠይቀን እንጽፍለታለን። ቢያልፍ እንኳ ይቅርታ እንጠይቀዋለን። እስከዚያው ይህ ጽሑፍ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ይቆይ።



የማኅበሩ ጸሐፊ