ማዘዝ የማይችል ኮሚቴ ምን ይጠቅማል?



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ማዘዝም ሆነ መቅጣት የማይችል፣ አባላቱም በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉበት አማካሪ ኮሚቴ ምን ይጠቅማል?

ኤሲኤም የተባለው የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር ምክር ቤት፣ በ1984 እ.ኤ.አ.፣ ኮምፒውተር አይሳሳትም የሚለው አስተሳሰብ ከንቱ መሆኑን በውሳኔ አስታወቀ። በቀጣዩ ዓመት ተመራማሪው ፒተር ኒውማን የማኅበሩን የኮምፒውተርና የሕዝብ ፖሊሲ ኮሚቴ መምራት ጀመሩ። የኮሚቴው አባላት ከ1990 ወዲህ በማኅበሩ መጽሔት ስለ ኮምፒውተር አደጋዎች የሚወጡ ጽሑፎችን ሲገመግሙ ቆይተዋል። ኃይላቸው ስሕተት ተሸፋፍኖ እንዳይረሳ ማድረግ ነው።

ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ምሳሌ ላንሣ። ከ1985 እስከ 1987 ቴራክ-25 የተባለው የጨረር ሕክምና መሣሪያ በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሕሙማንን ከመጠን በላይ ለሆነ ጨረር አጋልጧል። ቀደምት ሞዴሎች የነበሯቸው መካኒካዊ መከላከያዎች ተነሥተው፣ ጥበቃው ለሶፍትዌሩ ብቻ ተትቶ ነበር። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ የሰው ሕይወት በአንድ መከላከያ ላይ ብቻ አይንጠለጠል።

ይህ ትምህርት ለዓመታት ተጽፏል፤ ተነግሯል። ሆኖም መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ቢሾፍቱ አጠገብ ሲወድቅ 157 ሰዎች አለቁ። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። በሁለቱም አደጋዎች የቦይንግ 737 ማክስ የበረራ ሶፍትዌር ከአንድ መለኪያ ብቻ በመጣ የተሳሳተ መረጃ ላይ ተመሥርቶ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ደፍቷል።

እንግዲህ ምክሩ ከንቱ ነበርን? አይመስለኝም። ነገር ግን ምክር የሚሠራው ሰሚ ሲኖረው ነው። አማካሪ ኮሚቴ መጽሔት ላይ ይጽፋል እንጂ ንድፍ በሚጸድቅበት ጠረጴዛ ዙሪያ አይቀመጥም። እዚያ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ። ነገ የሆስፒታል፣ የባንክ ወይም የመብራት ኃይል ሥርዓት ስትሠሩ፣ የጊዜ ገደቡ ቢያስጨንቃችሁም አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፦ «ይህ መረጃ ሐሰት ቢሆን ሥርዓቱ ምን ያደርጋል?» መልሱ በጽሑፍ ካልተሰጣችሁ አትፈርሙ።