ደገኛው በስክሪን ላይ፦ ከዘመሮ ሆኜ ስላየኋቸው ፊልሞችና ድራማዎች



ይህን ጥሪ ያደረሰኝ የሥራ ባልደረባዬ «በቅርቡ ስላየሃቸው ፊልሞች የሚሰማህን ንገረን» ብሎ ነበር። የምኖረው ሥነ ጽሑፍ በማስተማር ነው፤ ፊልምና ድራማ የማየው እንደማንኛውም ሰው ማታ ማታ፣ ደክሞኝ ነው። ስለዚህ የምታደምጡት የአንድ ተመልካች አስተያየት ነው። ተመልካች ሁሉ ግን አንድ ስፍራ ላይ ተቀምጦ ነው የሚያየው፤ ስፍራውም እይታውን ይለውጠዋል። እኔ ባለፉት ሁለት ክረምቶች ያየሁትን አብዛኛውን ያየሁት በመንዝ፣ በዘመሮ፣ ከዘመዶቼ መካከል ተቀምጬ ነው። ፊልሞቹን በፍላሽ ይዤ እሄዳለሁ፤ መብራት ሲኖር በቴሌቪዥን፣ ሲጠፋ ባትሪው እስኪያልቅ በላፕቶፕ እናያለን።

ከዚያ ሆኜ የታዘብኩት ይህ ነው፦ የደጋ ገበሬ በስክሪናችን ላይ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ሲያስብ ግን እምብዛም አይታይም። ያለቅሳል፣ ያስቃል፣ ይረግማል፣ ይመርቃል። አመዛዝኖ ሲወስን፣ ሒሳብ ሲሠራ፣ ሲጠራጠር የሚታይበት ትዕይንት ጥቂት ነው።

በያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ልጀምር። በእ.ኤ.አ. 2015 በካን ፊልም ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፊልም መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ታሪኩ ቀላል ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅ፣ አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ሲሄድ ከዘመድ ቤት ይቀራል፤ ያለው ወዳጅ ቹኒ የምትባል በጉ ብቻ ናት። ያስጠጋው ዘመድ ሰሎሞን ደግሞ በጉ ለበዓል እንድትታረድ ይፈልጋል። እኔ ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት አዲስ አበባ ነው፤ በዙሪያዬ የነበረው ሰው ሁሉ ከልጁ ጋር ወግኖ፣ ሰሎሞን ብቅ ባለ ቁጥር ይተነፍስ ነበር።

ዘመሮ ላይ ሌላ ሆነ። አጎቴ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ተመለከቱና «ይህ ሰውዬ እኮ ክፉ አይደለም» አሉ። «የራሱ ልጆች አሉት፤ ዝናብ የለውም፤ ከዚህ ሁሉ ላይ አንድ አፍ ተጨመረበት። በዓሉስ ይቀራል እንዴ?» እኔም «ጋሼ፣ ልጁስ አያሳዝንዎትም?» አልኳቸው። «ያሳዝናል እንጂ! ሁለቱም ያሳዝኑኛል» ብለው ወደ በጎቻቸው ወጡ።

ይህን ፍርድ ለመረዳት በግ በመንዝ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ገብስ በውርጭ ሲመታ፣ የበልጉ ዝናብ ሲቀር፣ እህል የሚሸመተው በግ ተሽጦ ነው። ፀጉሩ ተፈትሎ ባናና በርኖስ ይሆናል፤ ብርዱን የምንሻገረው በእርሱ ነው። ሰው በጉን በስም ይጠራል፣ ይወድዳል፣ ይሸጣል፣ ያርዳልም፤ እነዚህ አራቱ አይጣሉም። የከተማው ተመልካች በጭካኔ የተረጎመውን አጎቴ እንደ ሒሳብ አነበቡት፤ እኔም ፊልሙን ደግሜ ሳየው ያሬድ ለሰሎሞን ያን ያህል ቦታ ሰጥቶት እንደነበር አስተዋልኩ። ድካሙ ተቀርጿል፤ ያላየነው እኛ ተመልካቾቹ ነን። በዚያው ቤት ውስጥ ጋዜጣ የምታነብ ጽዮን የምትባል ወጣት መኖሯንም አትርሱ። በገጠር ጎጆ ውስጥ ሆና ስለ አገሯ በራሷ መንገድ የምታስብ ገጸ ባሕርይ በፊልሞቻችን ስንት ጊዜ አግኝታችኋል?

አሁን ወደ ልብስና ወደ አንደበት ልሻገር፤ ብዙ የምበሳጨው እዚህ ላይ ነው። በሳምንታዊ ድራማዎቻችንና በኮሜዲዎቻችን «ገጠሬ» የሚባለው ሰው የደንብ ልብስ አለው፦ ቁምጣ፣ ትከሻ ላይ የተጋደመ ዱላ፣ የፕላስቲክ ጫማ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ፣ ነፋሱ ከጓሳ በኩል ሲመጣ፣ በቁምጣ የሚቆም ሽማግሌ እስካሁን አላየሁም። ልብሱስ ይሁን፤ አንደበቱ ይብሳል። ተዋናዩ ከጎጃም አንድ ድምፅ፣ ከወሎ አንድ ቃል፣ ከመንዝ አንድ ቅላጼ ለቃቅሞ የትም የማይነገር አማርኛ ይሠራል፤ አዳራሹም ገና አፉን ሲከፍት ይስቃል። ምን እንዳለ ከመሰማቱ በፊት! የቋንቋ ምሁራን የመንዝን አነጋገር ከአማርኛ ዘዬዎች እንደ አንዱ ቆጥረው አጥንተውታል፤ ዶናልድ ሌቪን ስለ አማራ ባህል የጻፈውና በእ.ኤ.አ. 1965 የታተመው መጽሐፉም ከመንዝ ገበሬዎች ጋር ኖሮ ባየው ላይ የቆመ ነው። ለጥናት የበቃ አንደበት ለድራማ ሲሆን ለምን የሳቅ ደወል ብቻ እንደሚሆን አይገባኝም።

ነገሩ በሳቅ ብቻ አይቀርም። ከመንዝና ከግሼ የመጡ ተማሪዎች አሉኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ለገለጻ ሲወጡ አንደበታቸውን ሲሰውሩ እሰማለሁ፤ ቃሉን አፋቸው ላይ ይይዙትና በሌላ ይተኩታል። ከእናታቸው ጋር በስልክ ሲነጋገሩ ወደ ኮሪደሩ ጥግ ይሄዳሉ። ይህን ሁሉ ቴሌቪዥን ብቻ አመጣው አልልም። ነገር ግን ልጅ ሆነው ስክሪን ላይ የሰሟት ብቸኛዋ እንደ እናታቸው የምትናገር ሴት የምታስቅ ሠራተኛ ከነበረች፣ ኮሪደሩ አያስገርምም።

የተሻለ ነገር የለም ማለቴ ግን አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በአርትስ ቴሌቪዥን የቀረበው፣ እነ አዜብ ወርቁና ቅድስት ይልማ የጻፉት «እረኛዬ» በዘመሮ ጠላ ቤቶች ሳይቀር ሰው የሚያወራለት ድራማ ነበር። የገጠር ሰዎቹ ቋንቋ አላቸው፤ ቋንቋቸው ደግሞ ይከራከራል፣ ያሽሟጥጣል፣ ያስታርቃል። ድርብወርቅ ሰይፉ የተጫወተቻቸው አዛውንት ሲናገሩ ሰው የሚስቀው በተናገሩት ነገር ነው። አንድ ቅሬታ አለኝ፦ ድራማው ጥበበኛ አነጋገርን አብዝቶ ይወድዳል። በመንዝ ሰው ብዙ ጊዜ ዝም ይላል፤ ቅኔም የሚዘርፈው በየዐረፍተ ነገሩ አይደለም።

ዝምታውን ለማየት ወደ ኋላ መመለስ ነበረብኝ፤ ወደ ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»። ፊልሙ በእ.ኤ.አ. 1974፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሊወድቅ በተቃረበበትና ደርግ ሥልጣን በያዘበት ዘመን፣ ሙያቸው ትወና ባልሆነ ሰዎች፣ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ብዙው ጊዜ ደግሞ ሥራ ነው። ሞፈርና ቀምበር፣ ማረስ፣ መሸከም፣ ከብት ማገድ፣ ባለርስቱ ተቀምጦ ሲጮኽ መስማት። የከተማ ተማሪዎቼ ይሰለቻሉ፤ አልፈርድባቸውም። ዘመሮ ላይ ግን የአጎቴ ጎረቤት የአራሹን እጅ ትኩር ብለው እያዩ «እርፉን የያዘበትን አያያዝ ተመልከት፤ ይህ ሰው የምር ያርሳል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ከብቤ የሚባለው፣ መሬቱን የተነጠቀውና ሰው እንደ እብድ የሚያየው ሰው ባለርስቱን ሲገድል፣ ማንም አልደነገጠም። ገበሬው ያን ሁሉ ሰዓት ዝም ብሎ ሲያስብ እንደነበር አውቀዋላ። ኃይሌ ሐሳብን ያሳየው በንግግር ሳይሆን በሥራው ርዝመት ነው።

የዚሁ ሰው «ጤዛ» በእ.ኤ.አ. 2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማትን፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉው ፌስፓኮ ዋናውን ሽልማት አግኝቷል። ምሁራን ስለ አንበርብር፣ ጀርመን ተምሮ አንድ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር ስለተመለሰው ሐኪም፣ ብዙ ጽፈዋል፤ የተማረው ትውልድ ራሱን ያየበት መስታወት ነውና። አክስቴ ግን አንበርብርን እምብዛም አላዩትም። ወታደሮች የመንደሩን ወጣቶች ለጦርነት ሊያፍሱ ሲመጡና ልጆቹ ዋሻ ውስጥ ሲሸሸጉ፣ ብድግ ብለው ወደ ምድጃው ሄዱና እሳቱ ሳይጠፋ እንጨት ጨመሩ። ብሔራዊ ውትድርና በታወጀበት በዚያ ዘመን የእርሳቸው ታናሽ ወንድም የት እንደተሸሸገ ያን ማታ ነው የነገሩኝ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ሲል አልሰማሁትም ነበር። ፊልሙን ስለ ምሁሩ ብቻ ያስተማርንባቸው ኮርሶች ይህን ሌላ ፊልም አውጥተው አላሳዩንም፤ የሥነ ጽሑፍ ክፍሎች በጥናት ቢመለሱበት እወዳለሁ።

በመጨረሻ ስለ ትርጉም ድራማ ጥቂት ልበል። «ቃና» ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምርና የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ የኪነ ጥበብ ሰዎች አጥብቀው መቃወማቸው ይታወሳል። ክርክሩ ስለ ባህልና ስለ ገበያ ነበር። በዘመሮ የሰማሁት ግን ሌላ ነገር ነው። የኢስታንቡሉ ባለጸጋ፣ ሾፌሩ፣ የአናቶሊያ መንደር ገበሬውም ሁሉም የሚናገሩት አንድ ዓይነት የአዲስ አበባ አማርኛ ነው። የእህቴ ልጅ፣ አሥር ዓመቷ፣ አሻንጉሊቷን ስታጫውት በዚያ ድምፅ ነው የምታናግራት። አሻንጉሊቷን ስትቆጣት ግን በመንዝ አንደበት ትቆጣታለች። የድምፅ ተዋናዮችን የሚያሠለጥን ሰው ከመካከላችሁ ካለ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ለአናቶሊያው ገበሬ የመንዝን፣ የጎጃምን ወይም የወሎን አንደበት ብትሰጡት፣ ሳይስቅ የሚያደምጠው ተመልካች ስንት ሳምንት ይፈጅበት ይሆን?

መድረኩ የእናንተ ነው።