የተመዘገበን እሴት ስለ ማንበብና ስለ ማደስ



በፍርድ ቤትም ሆነ በማናቸውም መሥሪያ ቤት አንድ ሰነድ እምነት የሚጣልበት ሥርዝ ድልዝ የሌለበት እንደ ሆነ ነው። ሴማንቲክ ዌብ የሚባለውም የመረጃ ሥርዓት ከዚህ የቆየ ልማድ ጋር የሚመሳሰል ጠባይ አለው። በዚህ ሥርዓት የሰፈረ ቃል በላዩ ላይ ተደልዞ አይለወጥም፤ ወይ ይሻራል፣ ወይም ሌላ ቃል ይጨመርበታል። ይህን ያላስተዋለ የፕሮግራም ባለሙያ መዝገቡን ያደሰ እየመሰለው፣ እርስ በርሱ የሚቃረን መዝገብ ትቶ ይነሣል።

የሴማንቲክ ዌብ ዓላማ ኮምፒዩተር ጽሑፍን ከማሳየት አልፎ ፍሬ ነገሩን እንዲያገናዝብ ማድረግ ነው። ይህንንም ሐሳብ ቲም በርነርስ ሊ፣ ጄምስ ሄንድለርና ኦራ ላሲላ እ.ኤ.አ. በ2001 ሳይንቲፊክ አሜሪካን በተባለው መጽሔት ለሰፊው አንባቢ አስተዋውቀዋል። የአጻጻፉ መሠረት የሆነው አር.ዲ.ኤፍ. ግን አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1999 በደንብነት ወጥቶ ነበር። በአር.ዲ.ኤፍ. ማናቸውም መረጃ ሦስት ክፍል ባለው አጭር ዐረፍተ ነገር ይጻፋል፤ ይኸውም በሰዋስው አነጋገር ባለቤት፣ ማሰሪያና ተሳቢ እንደ ማለት ነው። በተለመደው ሠንጠረዥ ውስጥ ለእያንዳንዱ እሴት አንድ ሣጥን ስላለው አዲሱ ሲገባ አሮጌው ይወጣል። እዚህ ግን ሣጥን የለም፤ ያለው የዐረፍተ ነገሮች ክምችት ብቻ ነው።

የነገሩን ክብደት ለማሳየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። አንድ የመንገድ መሥሪያ ቤት የድልድዮቹን መረጃ በዚህ ሥርዓት አስፍሯል ቢባል፣ የአንዱም ድልድይ የጭነት ወሰን 40 ቶን ተብሎ ተመዝግቦ ሳለ፣ በምርመራ ምሰሶው ተዳክሞ በመገኘቱ ወሰኑ ወደ 25 ቶን ዝቅ ቢደረግ፣ ባለሙያው አዲሱን እሴት ያስገባል። በጃቫ ቋንቋ ለሚሠሩ ባለሙያዎች በተዘጋጀው ጄና በተባለው መሣሪያ ውስጥ ባሕርይን የሚጨምረው ትእዛዝ ግን፣ እንደ ስሙ ይጨምራል እንጂ አይተካም። ስለዚህ መዝገቡ ድልድዩ 40 ቶንም 25 ቶንም ይሸከማል ይላል። አንድ እሴት ብቻ እንዲያመጣ የታዘዘው ፕሮግራም ደግሞ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያመጣ በደንቡ አልተወሰነም። እንግዲህ 35 ቶን የጫነ የከባድ መኪና ሾፌር ዛሬ ይከለከላል፤ ነገ ይፈቀድለታል።

ሥርዓቱ በዚህ ጊዜ አንዳች ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። አንድ ሰው ሁለት ልጆች ሊኖሩት እንደሚችል ሁሉ፣ አንድ ባሕርይም ብዙ እሴት ሊኖረው ይችላልና። ባሕርዩ አንድ እሴት ብቻ እንዲኖረው በኦውል ቋንቋ ቢደነገግ እንኳ፣ ድንጋጌው ለማገናዘቢያ እንጂ ለመከልከያ አይሆንም። መዝገቡን መርምሮ ጥፋቱን ለማሳየት የሚረዳው እ.ኤ.አ. በ2017 በደንብነት የወጣው ሻክል ነው።

ታዲያ ትክክለኛው ማደሻ መንገድ የትኛው ነው? አሮጌውን ዐረፍተ ነገር ሽሮ አዲሱን መጻፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ስፓርክል 1.1 መሻርንና መጻፍን በአንድ ትእዛዝ ያጣምራል። ሆኖም ሦስት ነገሮች ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛ፣ አሮጌው እሴት እንዲገኝ በቅድመ ሁኔታ ከተጠየቀና ከሌለ፣ አዲሱም ሳይጻፍ ይቀራል። ሁለተኛ፣ በቁጥርነት የተመዘገበው 40 እና በፊደል ተራነት የተመዘገበው 40 ለኮምፒዩተሩ ልዩ ልዩ ናቸው፤ አንዱን መሻር ሌላውን አይነካም፤ የሌለን ነገር ሻር መባሉም እንደ ስሕተት አይቆጠርም። ሦስተኛ፣ ሁለት ሠራተኞች አንዱን እሴት አንብበው በየፊናቸው ሊያድሱት ይችላሉ። ስለዚህ አዳሹ ያነበበው እሴት እስካሁን በቦታው መኖሩን በዚያው ትእዛዝ ማረጋገጥ ይገባዋል።

ይሁን እንጂ አሮጌ እሴት ሁሉ ሐሰት አይደለም። የኢትዮጵያ ሕዝብ ብዛት እ.ኤ.አ. በ1994 በተደረገው ቆጠራ ከ53 ሚሊዮን በላይ፣ በ2007 በተደረገው ደግሞ ከ73 ሚሊዮን በላይ ነበር። ሁለተኛው ቁጥር የመጀመሪያውን አላስተባበለም፤ እያንዳንዱ በዘመኑ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተመሠረተው ዊኪዳታ ለዚህ የሚሆን ብልሃት አለው፤ ለእያንዳንዱ እሴት ዘመኑንና ምንጩን ማያያዝ፣ የሚመረጠውንም በማዕርግ መለየት ይቻላል። ተራው ጠያቂ የተመረጠውን ያገኛል፤ ተመራማሪው ግን የቀደመውንም አያጣም።

እንግዲህ ማደስ ከመጀመሩ በፊት ባለሙያው ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ አሮጌው ቃል ስሕተት ነበርን ወይስ ዘመኑ አለፈበት? ስሕተት ከሆነ ይሻር፤ ዘመኑ ያለፈበት ከሆነ ዘመኑ ተጽፎበት ይቀመጥ። የድልድዩ 40 ቶን ያለ ቀን ቢቀር ሕይወት ያጠፋል፤ ከነቀኑ ቢቀመጥ ግን ምሰሶው መቼና ምን ያህል እንደ ተዳከመ ለነገው መሐንዲስ ይመሰክራል።