የወባ ሒሳብ በቡና አገር
(በተመራቂዎች የመገናኛ ዕለት የተደረገ ንግግር)



ስለ ሒሳብ ልናገር ነው ስል "ሐኪምና ሒሳብን ምን አገናኛቸው?" ያላችሁኝ አላችሁ። እውነት ነው፤ ብዙዎቻችን ሕክምና ስንገባ ከካልኩለስ የተገላገልን መስሎን ነበር። ግን ከሚዛን ተፈሪ በሸኮ አድርጋችሁ ቴፒ ስትወርዱ፣ በየጤና ጣቢያው በየሳምንቱ የሚሠራ ሒሳብ አለ። እሱም የወባ መከታተያ ቻርት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሮናልድ ሮስ ነው። ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ እ.ኤ.አ. በ1897 ሕንድ ውስጥ ያረጋገጠው ሐኪም ማለት ነው። "ትንኝ ሁሉ ካላለቀ ወባ አይጠፋም" ለሚሉት መልስ የሰጣቸው በቀመር ነበር፤ የትንኙ ብዛት ከአንድ ልክ በታች ከወረደ ወባው ራሱ እየከሰመ ይሄዳል አላቸው። በ1950ዎቹ ደግሞ ጆርጅ ማክዶናልድ ከትንኙ ብዛት ይልቅ ዕድሜው እንደሚበልጥ አሳየ።

ምን ማለት መሰላችሁ? የፋልሲፓረም ተውሳክ በትንኙ ሆድ ውስጥ እስኪበስል ጊዜ ይፈልጋል። ከአማካይ ሙቀቱ ላይ 16 ቀንሱና በቀሪው 111ን አካፍሉ፤ ቀኑን ይሰጣችኋል። በ25 ዲግሪ 12 ቀን ገደማ፣ በ20 ዲግሪ 28 ቀን ገደማ ነው። እንግዲህ በየቀኑ ከትንኞቹ 10 በመቶው ይሞታሉ እንበል። ከመቶው 12 ቀን የሚደርሱት 28 ያህል ናቸው፤ 28 ቀን የሚደርሱት ግን 5 ብቻ። ቆላና ደጋ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። አሁን አጎበርና የቤት ውስጥ ርጭት ጨምሩና የቀኑን ሞት 20 በመቶ አድርሱት፤ በሞቃቱ ቦታ 28 የነበሩት ወደ 7 ይወርዳሉ። ሞቱ እጥፍ ሲሆን አደገኞቹ ሩብ ሆኑ ማለት ነው።

ቻርቱ ከዚህ ይቀላል። ያለፉት አምስት ዓመታት የዚሁ ሳምንት ቁጥሮች ይደረደሩና ሁለተኛው ትልቁ "ልክ" ይባላል። የዚህ ሳምንት ሕሙማን ከልኩ ካለፉ ደወል ይደወላል። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን በተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 እንደሞተ ይገመታል። ደወሉ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለው እንዳይደገም ነው።

ሆኖም ሁለት ነገር ልብ እንበል።

አንደኛ፣ ልኩ የሚነግረን የለመድነውን እንጂ ጤናማውን አይደለም። ለምሳሌ ያህል የአምስቱ ዓመት ቁጥሮች 40፣ 45፣ 50፣ 160 እና 180 ቢሆኑ ልኩ 160 ይሆናል። በዚህ ሳምንት 150 ሰው ቢታመም ቻርቱ ዝም ይላል! ሁለቱን የወረርሽኝ ዓመታት አውጥተን በደህና ዓመታት ብንተካቸው ልኩ 50 አካባቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 እስከ ጥቅምት 20 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ የደቡብ ምዕራብ ክልላችንም ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነበር። እንዲህ ያሉትን ዓመታት ሳናወጣ ከተውናቸው፣ የልጆቻችን ትኩሳት "እንደተለመደው" እየተባለ ይጻፋል።

ሁለተኛ፣ የሮስ ቀመር ሰውን ሁሉ እንደ አንድ ይቆጥራል። እኛ ጋ ግን የቡናው ለቀማና የወባው ወቅት ይገጥማሉ። ወባን ከማያውቅ ደጋ የመጣ ለቃሚ በቴፒ ወይም በበበቃ ከነዋሪው ጎን ያድራል፤ ሰውነቱ ግን ለበሽታው እንግዳ ነው። አጎበር የሚታደለው በነዋሪ ቤተሰብ ቁጥር ከሆነ እሱ የለበትም። አገሩ ገብቶ ከታመመም የሚመዘገበው እዚያው ነው፤ የእኛ ቻርት አያየውም።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ጤና ጣቢያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ መዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩ፦ "ነዋሪ ወይስ ለሥራ የመጣ"። የሒሳብና የስታቲስቲክስ መምህሮቻችን ደግሞ፣ ተማሪዎቻችሁን ለአንድ የለቀማ ወቅት ላኩልን። ቻርቱን ከእኛ ጋር ይሥሩ፤ የትኛው ዓመት ይውጣ፣ የትኛው ይግባ የሚለውን አብረን እንወስን። ቀመሩን እነሱ ያውቁታል፣ ሕመምተኛውን እኛ እናውቀዋለን፤ እስካሁን የተገናኘንበት መድረክ ግን እምብዛም ነው። ይህ ማኅበር ያገናኘን።