ከፍታው ሳያልቅ
(በአባላት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ወደ ብድሩ አጀንዳ ከመግባታችን በፊት ስለ አንድ ውድድር ጥቂት እንድንናገር ፍቀዱልን። ስለ ግላይደር ነው፤ ሞተር ስለሌለው አውሮፕላን። ከኑሯችን የራቀ ነገር ይመስላል። ነገር ግን አሞራ ክንፉን ሳያርገበግብ እየዞረ ከፍ ሲል ያላየች ከመካከላችን የለችም። ፀሐይ ያሞቀችው መሬት አየሩን ያሞቀዋል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ አሞራውን ይዞት ይወጣል። ግላይደርም እንዲሁ ነው። ሌላ አውሮፕላን በገመድ ጎትቶ ያወጣዋል፤ ገመዱ ከተለቀቀ በኋላ ግን አብራሪዋ የሞቀ አየር እየፈለገች ትጓዛለች።

በውድድሩ ቀን ጠዋት አዘጋጆቹ የአየሩን ጠባይ አይተው መንገዱን ይወስናሉ። ብዙ ጊዜ የተመደቡ ቦታዎችን ዞሮ መመለስ ነው፤ ርቀቱም በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይቆጠራል። ጥሩ ግላይደር በረጋ አየር ከ1 ኪሎ ሜትር ከፍታ ተነሥቶ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይንሳፈፋል። ስለዚህ ከፍታ ለአብራሪዋ በመቀነት እንደተቋጠረ ገንዘብ ነው፤ እየመነዘረች ትሄዳለች፣ የሞቀ አየር ስታገኝ መልሳ ትቋጥራለች።

ሴቶች በዚህ ስፖርት ስም አላቸው። አን በርንስ እ.ኤ.አ. በ1966 ከወንዶች ጋር ተወዳድራ የብሪታንያ ሻምፒዮን ሆናለች። የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 በሊትዌኒያ ተጀምሯል።

እኛን ይበልጥ የሳበን ግን ያሸናፊዎቹ ነገር አይደለም። ፀሐይዋ በደመና ስትሸፈን ጎበዟም አብራሪ ከፍታ ታጣለች፤ ከመነሻዋ ርቃ የገበሬ ማሳ ላይ ታርፋለች። ይህ የውድድሩ አንድ ክፍል ነው እንጂ ውርደት አይደለም። እስከዚያ ለተጓዘችው ርቀት ነጥብ ይያዝላታል። ረዳቶቿ ተሳቢ ይዘው ይመጣሉ፣ ክንፉን ነቅለው ይጭናሉ፤ ነገ ደግሞ ትሰለፋለች፤ ውጤቱ የሚታወቀው የሁሉም ቀን ነጥብ ተደምሮ ነውና። አንድ ነገር ግን ግዴታዋ ነው፦ የምታርፍበትን ሜዳ ገና ከፍታ ሳለ መምረጥ። «ትንሽ ልቆይ፣ አየሩ ይመለስ ይሆናል» እያለች ዝቅ ካለች በኋላ ምርጫ አይኖራትም።

እህቶች፣ በዚህ ዓመት ጉልታቸው የፈረሰባቸው፣ ልጅ የታመመባቸው አባላት ብድራቸውን በጊዜው መመለስ አልቻሉም። አንዳንዶቹ አፍረው ከስብሰባ ቀርተዋል። ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የቸገራት አባል የመክፈያው ቀን ሳይደርስ ትንገረን። የከፈለችው ይቆጠርላት፣ የቀረው ጊዜ ይራዘምላት፣ ሦስት አባላትም ቤቷ ሄደው ይጠይቋት። ሳትነግረን የቆየች ግን በነባሩ ደንብ ትስተናገድ።

ደጋፊዎቻችንን ደግሞ ከምትሰጡን ላይ ጥቂቱ ለመጠባበቂያ እንዲቀመጥ እንለምናለን። የግላይደሩ ተሳቢ የሚዘጋጀው ውድድሩ ሳይጀመር ነው፤ ማሳ ላይ ላረፈችው ያን ጊዜ ገዝቶ መድረስ አይቻልም።

ሐሳባችሁን ስጡበት፤ ከዚያ ድምፅ እንሰጣለን።